ለነገ ሦስት ነገር

«…ሳትነግሪያት ብትሄጂ ጉዱ የሚፈላው በእኔ ራስ ላይ ነው» አለች አያቴ። «አንቺማ የለሽም።»

«አልነግራትም መቼ አልኩ? ዛሬ አልነግራትም ነው ያልኩት።»

«ባለፈው ሳምንትም ዛሬ ነበር።»

እኔ ከስፌት ጠረጴዛው ሥር ነበርኩ። በክር የታሰረች ማግኔት ወለሉ ላይ እየጎተትኩ የወደቀ እስፒል መልቀም የየቀኑ ሥራዬ ነበር። ከዚያ ሆኜ የሚታየኝ የሁለት ሰው እግር ብቻ ነው። የእናቴ ቀኝ እግር የመኪናው መርገጫ ላይ አርፏል፤ አይረግጥም። የአያቴ ነጠላ ጫማዎች አንዴ ወደ በሩ ዞር ይላሉ፣ አንዴ ይመለሳሉ። የምትሄድ ትመስላለች፤ ግን አትሄድም።

«ለምን አንቺ አትነግሪያትም ታዲያ?» አለች እናቴ።

«ምን ቆርጦኝ! የወለደ ይናገር።»

የእናቴ እግር መርገጫውን ረገጠ፤ መኪናው መጮኽ ጀመረ፤ ጠቡ በዚያው አለቀ። ማለቁ እንኳን አይደለም፤ ለሌላ ቀን ተቀመጠ።

የሚጣሉባት ተለማማጇ መሰለችኝ። እናቴ ዘንድ ስፌት የምትማር፣ አንገቷ ረጅም የሆነ፣ በየሄደችበት የምታፏጭ ልጅ ነበረች። ሁለት ኮሌታ በካውያ ስላቃጠለች ልትባረር ነው፣ የሚነግራት ግን ጠፋ ብዬ አሰብኩ። አዘንኩላት። በማግስቱ ስትመጣ ከዳቦዬ ግማሹን ሰጠኋት። ምን እንደ ነካኝ ሳትጠይቅ በላችው።

ዛሬ ሳስበው በዚያ ቤት ያልተነገራት ሰው አንዲት ብቻ ነበረች። ተለማማጇ ሳትቀር ታውቅ ነበር። እናቴ ባሕር ማዶ ያለች፣ የዓይኗ ብርሃን የጠፋ አንዲት አሮጊት ልትጦር ተዋውላለች። ውሉ የአንድ ሰው ውል ነው። ልጅ ይዞ መሄድ የሚል ነገር የለበትም። እኔ ያኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። መሄድ እንዳለ አውቃለሁ፤ ቤቱ ውስጥ ሌላ ወሬ አልነበረም። ያላወቅሁት የሚሄደው ስንት ሰው እንደ ሆነ ነው። አባቴ በሕይወት ስላልነበረ እናቴና እኔ ሁልጊዜ አብረን ነበርን። አንድ አልጋ፣ አንድ ብርድ ልብስ፣ አንድ ጃንጥላ። እሷ ትሄዳለች ከተባለ እኔም እሄዳለሁ ማለት ነው። ይህ ጥያቄ የሚጠየቅበት ነገር ሆኖ አልታየኝም።

ሥራው የሳሳው የሸሚዝ ፋብሪካው ኮሌታ የሚሰፋ ማሽን ካስገባ ወዲህ ነው። ድሮ በየሰኞው በማዳበሪያ ተጠቅጥቆ ይመጣ የነበረው ኮሌታ በአንድ ፌስታል መምጣት ጀመረ። ከዚያ እናቴ ማስታወቂያ አየች፤ ደብዳቤ ጻፈች፤ መልስ መጣ። መልሱ ውስጥ አንድ ነገር ተሰምሮበት ነበር፤ አሮጊቷ ከስፓኒሽ በቀር ሌላ ቋንቋ አትሰማም።

ጋሽ መርከብ ወደ ነገሩ የገቡት በዚህ ጊዜ ነው። ከጣሪያው ሥር ባለችው ክፍል ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ስማቸው ሌላ ነው፤ ሃያ ሁለት ዓመት በዕቃ ጫኝ መርከብ ሞተር ክፍል ስለ ሠሩ ግን የሕንፃው ሰው ሁሉ እንዲያ ይላቸዋል፤ እሳቸውም አይከፉም። ጆሯቸውን ሞተሩ ስለ በላው ሲያወሩ ይጮኻሉ። ስፓኒሽ የለመዱት ከባልደረቦቻቸው ነው። አያቴ ግማሹ ስድብ ነው ትል ነበር፤ አንድም ቃል ሳይገባት።

ለማስተማራቸው በክፍያ ፋንታ የሚወስዱት የኮሌታ ግልበጣ ነበር። የሸሚዝ ኮሌታ ከአንገት ጋር እየታሸ ሲበላ እናቴ ስፌቱን ትፈታና ገልብጣ ትሰፋዋለች፤ ያልተበላው ወደ ላይ ይመጣል። ጋሽ መርከብ ሸሚዙን ለብሰው መስታወት ፊት ይቆማሉ፤ አገጫቸውን ከፍ ያደርጋሉ። «አንገቴ እንደገና ተወለደ» ይላሉ። በየጊዜው ይሏታል፤ እናቴም በየጊዜው ትስቃለች።

የመጀመሪያው ቀን ያሏትን አስታውሳለሁ፤ ድምፃቸው ሦስት ፎቅ ይሰማ ስለ ነበር የሕንፃው ሰው ሁሉ ሳያስታውስ አይቀርም።

«የምትሄጂላት ሴትዮ አታይም። የማያይ ሰው የሚፈራው ነገን ነው። ስለዚህ ማታ ማታ አጠገቧ ቁጭ ብለሽ ነገ ምን እንደሚሆን ትነግሪያታለሽ። ነገ መጋረጃ አጥባለሁ፣ ነገ ሐኪም ይመጣል፣ ነገ ፀጉርሽን እቆርጥሻለሁ። ሥራሽ ይኼ ነው። ሌላው ቋንቋ ውሎ አድሮ ይመጣል።»

ከዚያ አነጋገሩን አስረዷት። ነገ የምታደርገውን ነገር አሁን እንደምታደርገው አድርጋ ትላለች። በእኛም ያው ነው አሉ፤ በየቀኑ እሄዳለሁ፣ ነገ እሄዳለሁ፤ ቃሉ አንድ ነው። ለሩቅ ነገርና ለምኞት ስፓኒሽ ተናጋሪዎቹ ሌላ አነጋገር አላቸው። «እሱን አላስተምርሽም፤ ትሰንፊያለሽ። ይኼኛው የቆረጠ ሰው አነጋገር ነው። ሻንጣው የተዘጋ ሰው።»

ደንባቸውን ያመጡት ከሞተር ክፍል ነው። እዚያ አለቃው ለሚቀጥለው ፈረቃ የሚሠራውን በደብተር ይጽፋል፤ ከተሠራ በኋላ ምልክት የሚያደርግበት ግን የሠራው ሰው አይደለም፤ ሌላ ሰው ነው። የሠራው ሰው ስለ ራሱ ሥራ ይዋሻል። ስለዚህ እናቴ በየማታው በስፓኒሽ ለነገ ሦስት ነገር ትናገራለች፤ ያልታሰበ ነገር መናገር ክልክል ነው፤ በማግስቱ ማታ ደግሞ መሠራቱ ታይቶ ምልክት ይደረግበታል። ጋሽ መርከብ ክፍሉን በዓይናቸው ዞሩና እኔ ላይ ቆሙ።

«ይቺ ትያዘው» አሉ። ባለመስመር ደብተርና ቀይ እርሳስ ተሰጠኝ።

ማኛና ማለት ነገ ማለት ነው። የመጀመሪያው ማታ እናቴ ያለችው «ማኛና ላቮ ላስ ኮርቲናስ» ነበር፤ ነገ መጋረጃዎቹን አጥባለሁ። በራሳችን ፊደል ጻፍኩት። በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስመለስ መስኮቶቹ ራቁታቸውን ቆመዋል፤ መጋረጃዎቹ ከሰገነቱ ገመድ ላይ ውኃ ያንጠባጥባሉ። ቀይ ምልክት አደረግሁ። 

ነገ በቤታችን አድራሻ የሌለው ቃል ነበር። ነገ እንሄዳለን የተባለው መናፈሻ፣ ነገ ይገዛል የተባለው የፀጉር ሪባን፣ ነገ ይጠገናል የተባለው የቁም ሣጥኑ እጀታ፤ ሁሉም እዚያው ነገ ውስጥ ነበሩ። በደብተሩ ግን ነገ ይመጣል። የተባለው ይሆናል። እነዚያ ሰዎች እንዲህ ከሆኑ አገራቸው ውሸት የሌለበት አገር መሆን አለበት ብዬ አመንኩ። መሄድ የፈለግሁት ከዚያ በኋላ ነው፤ በፊትማ እናቴን መከተል ብቻ ነበር።

ለማን ልንገር? ያለችኝ ጓደኛ አንዲት ነበረች፤ አብራኝ የምትቀመጥ ፍንጭት ልጅ። የፊት ጥርሶቿ መካከል ባለው ክፍተት እስክሪብቶ ታቆማለች፤ በዚህ ክፍሉን ሁሉ ታስቅ ነበር። ባሕር ማዶ እንደምንሄድ ነገርኳት። ዓይኗ ፈጠጠ። እዚያ ሌላ ይገዛልኛልና ባለቀለም እርሳሶቼን ልስጥሽ አልኳት፤ ወሰደች። ማስመሪያዬንም። የገመድ ዝላይ ተራዬንም ለሌላ ልጅ ለቀቅሁ፤ እንደ ትልቅ ሰው «እኔ እንግዲህ ሂያጅ ነኝ» ብዬ። በሳምንቱ ፍንጭቷ ወደ መስኮቱ በኩል ተዛውራ ከሌላ ልጅ ጋር ተቀመጠች። ለምን ስላት እውነቷን ነገረችኝ። «ከሄድሽ ብቻዬን ልቀር ነው? አሁኑኑ ይሻላል።»

እንዲያ ሆኜ ሁለት ወር ብቻዬን ተቀመጥኩ። በእረፍት ሰዓት ግድግዳውን ተደግፌ ደብተሩ ውስጥ ያሉትን ቃላት በልቤ እደግማለሁ። «ባሕረኛዋ፣ መርከቡ ተበላሸ እንዴ?» ይሉኛል ወንዶቹ።  የሚሄድ ሰው ከሚቀር ሰው ጋር አይጣላም።

ለእናቴ ይህን አልነገርኳትም። እሷም የምትነግረኝን አልነገረችኝም። አንድ ክፍል ውስጥ፣ አንድ ብርድ ልብስ ሥር።

ሦስቱ ነገሮች እየከበዱ ሄዱ። መጋረጃ ማጠብና ጫማ ማስጠገን የነበሩት ፎቶግራፍ መነሣት፣ ጥርስ ማስነቀል፣ ወረቀት ማስፈረም ሆኑ። አንድ ማታ እናቴ «ማኛና ኤንትሬጎ ላ ማኪና» አለች። የመጨረሻውን ቃል ወዲያው አወቅሁት፤ የስፌት መኪናችን ነው። በማግስቱ ተለማማጇ ከወንድሟ ጋር መጣች። መኪናውን በብርድ ልብስ ጠቅልለው በደረጃው አወረዱት፤ የእናቴ እጅ እስከ ታች በር ድረስ ብርድ ልብሱን አልለቀቀም። ተለማማጇ በዚያ ቀን አላፏጨችም። መኪናው በቆመበት ወለሉ ላይ አራት ነጭ ክቦች ቀሩ። እዚያ የኤሌክትሪክ አለ፣ እሱን ልትገዛ ነው ብዬ ምልክቴን አደረግሁ።

አያቴ ደብተሩን ከእጄ ወስዳ ገጹን ተመለከተች። ማንበብ ትችላለች፤ ቃሉ ግን አይገባትም። ቀዩን ምልክት በአውራ ጣቷ እንደማሸት አደረገችና መለሰችልኝ።

«በርቺ» አለችኝ። «አንቺው ጨርሺው።»

የመረቀችኝ መስሎኝ ነበር።

ሻንጣው ሲመጣ አንድ ብቻ ነበር፤ ቡናማ፣ ጥጉ በብረት የታሰረ። ትልቅ ስለ ሆነ ለሁለት ሰው ይበቃል አልኩ። እናቴ ወደ ሱቅ ስትወርድ ከፈትኩና ከጥጉ አንድ ጥንድ ወፍራም ካልሲዬን ወሸቅሁ። ማታ ሳየው ካልሲው ተጣጥፎ ከመሳቢያዬ ውስጥ ተቀምጧል።  ገብቶኝ ራሴን ነቀነቅሁ። ሞቃት አገር ነው፤ ወፍራም ካልሲ አያስፈልግም። በሁለተኛው ቀን የበጋ ቀሚሴን አስገባሁ። እሱም ተመለሰ። እዚያ አዲስ ይገዛልኛል ማለት ነው። ለሁሉም ነገር ምክንያት ነበረኝ። ያኔ ያን ያህል ብልህ ባልሆን ኖሮ ቶሎ ይገባኝ ነበር።

አንድ ዓርብ፣ ጀንበር ስትጠልቅ፣ ጋሽ መርከብ እንደ ልማዳቸው ወንበራቸውን ወደ መስኮቱ ስበው ተቀመጡ። እናቴ የመጨረሻውን ሸሚዛቸውን በእጇ ትሰፋለች፤ መኪና የለም። ቀኑን ሙሉ ያሰብኩትን አወጣሁት። እኔም የራሴን ሦስት ነገር መናገር እፈልጋለሁ አልኩ። አያቴ ከወጥ ቤቱ በር ብቅ አለች።

«ተናገሪ» አሉ ጋሽ መርከብ፤ ደስ ብሏቸዋል። «የመጀመሪያው ምንድነው?»

«ነገ ከእማዬ ጋር እሄዳለሁ። ነገ እንኳን ባይሆን፣ ስንሄድ ማለቴ ነው። እንዴት ነው የሚባለው?»

የሚጮኸው ሰውዬ መነጽራቸውን አወለቁ። እናቴን ተመለከቱ። እናቴ መርፌውን ስታስገባ፣ ስታወጣ፣ ቀና አላለችም።

«ይኼን» አሉ፤ ድምፃቸው ዝቅ ሲል የሰማሁት የዚያን ቀን ብቻ ነው፤ «ይኼን እናትሽን ጠይቂያት።»

«እማዬ?»

«ክሩን አቀብዪኝ፣ ሚጣ» አለች እናቴ።

አቀበልኳት። በጥርሷ በጠሰችው። ጋሽ መርከብ ተነሥተው መነጽራቸውን ኪሳቸው ውስጥ ከተቱ፤ ሸሚዙን ግን አልጠበቁም። በሩ ላይ ቆመው፣ «አንድ ሌሊት ብቻ ነው የቀረሽ፤ አንቺ ሴት፣ ኃጢአት ነው» አሏት፤ ይህን እንደ ልማዳቸው በጩኸት። ኃጢአቱ የእኔ መሰለኝ። ተማሪ ሳልሆን ትምህርት መሐል ገባሁ፤ ተቀየሙኝ። ደረጃውን ሲወጡ ሰማኋቸው። አያቴም ወደ ወጥ ቤት ተመለሰች፤ የምጣዱ ክዳን ከሚገባው በላይ ጮኸ።

እናቴ ሸሚዙን ጭኗ ላይ አጣጠፈች። ያለ አስተማሪ፣ ዓይኔን እያየች፣ ቀስ እያለች ሦስቱን ነገር ተናገረች። የመጀመሪያው፣ ነገ በማለዳ እነሣለሁ ነው፤ የማውቀው ነበር። ሁለተኛው ስለ ሻንጣው ነው፤ ነገ ሻንጣውን እዘጋለሁ። ልቤ ዘለለ። ሦስተኛውን አላወቅሁትም።

«ማኛና ዴሆ አ ሚ ኢሃ ኮን ሚ ማድሬ።»

ጻፍኩት። ረጅም ስለ ነበር ትክክል መሆኑን ለማረጋገጥ ጮክ ብዬ ደገምኩት። እናቴ አንድ ቦታ ላይ አረመችኝ፤ እንደገና አልኩት፤ አሁን ልክ ነው አለች። ምን ማለት እንደ ሆነ ስጠይቃት ፀጉሬን ከፊቴ ላይ ወደ ኋላ መለሰች።

«ነገ ታውቂዋለሽ» አለችኝ። ከዚያ ተነሥታ መስኮቱን ዘጋች፤ አልበረደንም ነበር።

ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ስትመለስ ቁመታችን እኩል ሆኖ ነበር። አሮጊቷ ሞታለች፤ ከእሷ በኋላ ሌላ አሮጊት፣ ከዚያ ሌላ ሽማግሌ ነበሩ። እኔ ስፓኒሹን ራሴ ተምሬ ያቺን ዓረፍተ ነገር ከፈታኋት ቆይቻለሁ። ነገ ልጄን እናቴ ዘንድ እተዋታለሁ። ለምን እንዳልነገረችኝ በጠየቅኋት ቀን ድንች ትልጥ ነበር። ቢላዋዋን አላቆመችም።

«ነግሬሻለሁ» አለች። «በየማታው ነግሬሻለሁ። የመጨረሻውንማ በአፍሽ ደግመሽዋል።»

እየቀለደች አልነበረም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በዚህ አምና ነው የኖረችው። ከጎኗ ቢላዋ አንሥቼ አብሬ ላጥኩ።

ያ ቅዳሜ ማለዳ እንዲህ ነበር። ሳልቀሰቀስ ነቃሁ። እናቴ ከጎኔ የለችም፤ ሻንጣውም የለም፤ ጋሽ መርከብ ቀደም ብለው እንዳወረዱት ከአያቴ ሰማሁ። ዕቃ ይቀድማል፣ ሰው ይከተላል አልኩ። የክት ቀሚሴን ለበስኩ፤ ጫማዬን አሠርኩ፤ ፀጉሬን ራሴ አበጠርኩና ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። አያቴ አየችኝ። ፊቷን አዙራ ወደ ወጥ ቤት ገባች።

ሌሊቱን ከወጥ ቤቱ መታጠቢያ ሥር ያለው ቧንቧ ሲያፈስ አድሮ ወለሉ ረጥቧል። አያቴ ጎረቤት ሕንፃ ያለውን ቧንቧ ሠሪ አስጠርታ ነበርና መጣ፤ ወፍራም፣ ሲተነፍስ የሚያፏጭ ሰው። ሱሪውን ሰብስቦ ተንበረከከ። ጨለማ ነው፣ መብራት የሚይዝልኝ ሰው አለ ወይ አለ።

«ሚጣ፣ ነይ ያዢለት» አለች አያቴ። ዞር ብላም አላየችኝም።

ባትሪውን ያዝኩ። ቀሚሴ እንዳይረጥብ በአንድ እጄ ሰበሰብኩት። ቧንቧ ሠሪው አየኝና ሙሽራ ነው ወይ ያመጣችሁልኝ አለ፤ አያቴ አጭር ሳቅ ሳቀች።

እናቴ መጣች። የዘወትር ሹራቧን ነው የለበሰችው፤ ዳቦ ልትገዛ የምትወርድ ትመስላለች። ከኋላዬ ቆመች። ሳላበጥር የተውኩትን አንድ የፀጉር ዘለላ በጣቷ አስተካከለች፤ የአንገትጌዬን ቁልፍ ፈትታ እንደገና ቆለፈችው። እጇ ሳሙና ሳሙና ይሸት ነበር። ልዞር ስል ብርሃኑ ከቧንቧው ላይ ወጣ።

«ኧረ አታንቀሳቅሺው» አለ ሰውዬው።

መለስኩት። አያቴ ጎማው ነው ወይስ ብረቱ የተበላው ብላ ጠየቀች። ጎማው ነው፤ ብረቱ ገና ነው አለ። በሩ ተከፈተ። ጎማው ስንት ጊዜ ይቆያል አለች አያቴ፤ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ ጋሽ መርከብን የምታናግር ይመስል። እንደ አያያዛችሁ ነው አለ። በሩ ተዘጋ። ጫማ በደረጃው ላይ ይወርዳል፤ እያዳመጥኩ ስሜ እስኪጠራ ጠበቅሁ። አንደኛው ፎቅ ላይ ትንሽ ቆመ። ከዚያ ወረደ።

«ዝቅ፣ ሙሽሪት» አለ ቧንቧ ሠሪው። «አሁን ወደ ግራ።»

ወደ ግራ አደረግሁለት።